የስንቅነሽ ዳቦ

በአንድ ወቅት፣ መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ዓመቱን ብነግራችሁ ነገሩን ትታችሁ በዓመቱ ስትከራከሩ ይመሻል። ብቻ ሴት በስሟ ሳይሆን በባሏ ስም በምትጠራበት ወቅት፣ እንቧይ በር በምትባል የገበያ መንደር ስንቅነሽ የምትባል ሴት ነበረች።

ዛሬ ዛሬ ኑሮው የተገለበጠበትን ሰው እጁን ይዞ የሚያሻግር፣ «የሕይወት አሠልጣኝ» የሚባል ባለሙያ አለ አሉ። ወንበር ዘርግቶ፣ ቀጠሮ ይዞ። ይሁን፣ አልነቅፍም። በዚያን ጊዜ ስሙ አልነበረም እንጂ ሥራውስ ነበር። ስንቅነሽን ሦስት ሰዎች አሻግረዋታል። ሦስቱም ሥራቸውን አሳምረው ነው የሠሩት። ጣጣው የመጣው በኋላ፣ ዳቦው ሲቀርብ ነው።

ስንቅነሽ ለፈንታሁን የተዳረችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ፈንታሁን በቅሎ ነጋዴ ነበር፤ ቁመናው ያማረ፣ ሰላምታው የበዛ። ሰላምታ የሚያበዛ ወንድ የሚደብቀው አያጣም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ። ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም ቀበረች፤ ከዚያ በኋላ ፈጣሪ አልሰጣትም። በዚያ ሁሉ ዘመን «ስንቅነሽ» ብሎ የጠራት ሰው ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። «የፈንታሁን ሚስት» ነበረች። በሩ ላይ ሆና «ማነው?» ሲሏት ራሷም «የፈንታሁን ሚስት ነኝ» ነበር የምትለው።

አንድ መስከረም ፈንታሁን በቅሎ ልገዛ ዋርካ ሜዳ ወርጄ ልምጣ አለ። ዋርካ ሜዳ ከወንዙ ማዶ የሦስት ቀን መንገድ ነው። «ሦስት ሳምንት ነው» አላት። ስንቅ ቋጠረችለት። እንደ ስሟ ስንቅ ሆነችው ማለት ነው።

ኅዳር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ከባሏ ሰላምታ ይዘው የመጡ መስሏት ያላትን አቀረበች። መጀመሪያ በሉ። እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ነገሯት። ፈንታሁን ዋርካ ሜዳ ላይ ሌላ ትዳር ከመሠረተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጅም ወልዷል። ሰማንያው ይፍረስ ብሏል። ቤቱ በአባቱ ርስት ላይ ያለ ነውና እስከ ጥምቀት ትልቀቅልኝ ብሏል። ሲወጡ «አይዞሽ» አሏት። አይዞሽ ባዮቹ ከሌማቱ ላይ ቁራሽ እንኳ አላስተረፉም ነበር።

ስንቅነሽ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ተኛች። ሦስት ቀን እሳት አልጫረችም።

በአራተኛው ቀን አባ ክንፈ መጡ። የንስሐ አባቷ ናቸው፤ የእሷም የባሏም። በእኛ አገር ባልና ሚስት አንድ የንስሐ አባት ነው ያላቸው፤ ይህን ያዙልኝ። ቀጭን፣ ሳላም፣ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ ነበሩ። መንደሩ ሁሉ ደጅዋ ቆሞ አይዞሽ ሲል አንድም ቀን አይዞሽ አላሏትም። በሩን በመቋሚያቸው መቱና «ስንቅነሽ፣ ተነሽና ፊትሽን ታጠቢ» አሉ። በስሟ ሲጠሯት ሌላ ሰው የጠሩ መስሏት ቀና አለች። ታጠበች። ሄዱ።

በማግሥቱ መጡና «እስከ በሩ ሂጂ» አሉ። ሄደች። በማግሥቱ እስከ እንቧዩ ቁጥቋጦ። ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር። ከዚያ እስከ ገበያው ጫፍ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው እያዩዋት። እሳቸው አያናግሯትም፤ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው እየሳሉ ይከተሏታል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆመችና «አባ፣ የምሄድበት የለኝም እኮ፤ ለምን ያስሄዱኛል?» አለቻቸው።

«መሄጃ ሳይኖርሽ መሄድ ልመጂ» አሉ። «መሄጃው ሲመጣ እግርሽ ይዘጋጃል።»

አርባ ቀን ተመላለሱ። በአርባ አንደኛው ቀን አልመጡም። ስንቅነሽ ግን ጠዋት ተነሥታ ታጥባ መንገድ ጀምራ ነበር፤ አለመምጣታቸው ትዝ ያላት ገበያው ጫፍ ደርሳ ስትዞር ነው።

ሁለተኛው ሞላልኝ ነው። ሞላልኝ የፈንታሁን አንደኛ ሚዜ ነበር። በእንቧይ በር አንደኛ ሚዜ ሙሽራዪቱን አጅቦ የሚቀር አይደለም፤ የአባቷን ጉልበት ይዞ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ ነኝ» ብሎ ይምላል። ባሏ ቢበድላት የምትሄድበት ደጅ የእሱ ደጅ ነው። ስለዚህ ጥምቀት ሲቃረብ ስንቅነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሞላልኝ ሄደች። ከሳቁ የሚቀድም ነገር የሌለው፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበር።

«ሚዜዬ፣ ምን ልበላቸው?» አለችው። ነገሯ ለሽማግሌ ጉባኤ ቀርቦ ነበርና።

ሞላልኝ እኔ እናገርልሻለሁ ማለት ይችል ነበር። አላለም። ሙቀጫውን ደፍቶ ተቀመጠበት፤ የሚስቱን ነጠላ አውርዶ እንደ ሽማግሌ ጠመጠመና ፊቱን አኮሳተረ። «እኔ ሰብሳቢው ነኝ፤ ተናገሪ» አላት። ዓይኗን ሙቀጫው ላይ ተክላ አጉረመረመች። «የምትናገሪው ለሙቀጫው ነው እንዴ? ለእኔ ተናገሪ» አላት። እንደገና ሞከረች፤ «የፈንታሁን ሚስት ነኝ» ብላ ጀመረች። «ያቺ ሴት እዚህ ነገር የላትም፤ ሂጂና ስንቅነሽን ጥሪልኝ» ብሎ መለሳት። ጥምጥሙ ተፈቶ አፍንጫው ላይ ሲወድቅ ኅዳር ከገባ የመጀመሪያዋን ሳቅ ሳቀች። ስድስት ቀን እንዲህ ሲያስጠናት ሰነበተ።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ዋርካ ሥር ቆማ ራሷ ተናገረች። ቤቱ የአባቱ ርስት ነው፣ ይውሰድ፤ በወንዙ ዳር ያለውን የውሃ ወፍጮ ግን ያቆምነው በትዳራችን ነው፣ ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ፣ ወፍጮው የእኔ ነው አለች። ወፍጮው ሥራ ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ጣሪያው ገብቷል፣ ቦዩ በደለል ተሞልቷል። ቢሆንም ፈንታሁን ለአሮጌ ቅል የሚሟገት ሰው ነውና እምቢ ይላል ብሎ ሁሉ ጠበቀ። መልእክተኛ ተላከ። መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ «ትውሰድ።» አንዲት ቃል፤ ያለ ክርክር። ሰው ተገረመ። ሞላልኝ ብቻ አልተገረመም። ቦዩን ጠርጎ፣ ጣሪያውን ክዳን አልብሶ አስረከባት።

ወፍጮ አገኘች፤ የማይፈጭ ወፍጮ። ውሃው መጣ፣ መዘውሩ ዞረ፣ ድንጋዮቹም ዞሩ፤ እህሉ ግን እንደገባ ወጣ። ድንጋዩ ለስልሷል። ወፍጮ ያላየ ሰው ድንጋይ ሲለሰልስ ያማረ ይመስለዋል። ድንጋይ ከለሰለሰ አይፈጭም። በመውቀሪያ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ፊቱን ማሻከር ይፈልጋል፤ ያ ነው ወቀራ።

የካቲት ውስጥ አንዲት የማትታወቅ ሴት በወፍጮ ቤቱ በር ቆመች። ዕድሜዋ ሃምሳን የያዘ፣ አገልግል የምታህል የቆዳ ከረጢት ያነገበች። ድምጿ የሰለለ ነበር፤ የውሃው ጩኸት ደግሞ አለ። ለስንቅነሽ «ለወቀሳ መጣሁ» ያለች መሰላት።

«ወቀሳ ጠግቤያለሁ» አለች ስንቅነሽ። «አገሩ ሁሉ ባልሽን አልያዝሽም እያለ ወቅሶኛል። ከየትኛው አገር ደግሞ ተልከሽ ነው አንቺ?»

ሴትዮዋ የስንቅነሽን ፊት አየች። ከዚያ ከረጢቱን ፈታችና መውቀሪያዎቹን አሳየቻት። «ወቀራ ነው ያልኩት» አለች። «ወቃሪ ነኝ። ደብሪቱ እባላለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ወቀራና ወቀሳ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት፤ ማንስ ቢሳሳት ይፈረድበታል?

ደብሪቱ ድንጋዩን ወቅራ አልሄደችም። መውቀሪያውን ለስንቅነሽ ሰጠቻት። ስንቅነሽ አንድ ጊዜ መትታ «እንዲህ ነው?» ስትላት «እጅሽ ምን አለሽ?» ትላታለች። «ጠለቀ መሰለኝ።» «እና?» እንዲህ ነው ነገሯ ሁሉ። ከጥያቄ በቀር ከአፏ አይወጣም። እዚያው በወፍጮ ቤቱ ጥግ እያደረች ወቀራውን አስተማረቻት፤ ድንጋዩን መለካት፣ የውሃውን ጉልበት በጆሮ ማወቅ፣ የጤፍ ዱቄት ሲሞቅ በመዳፍ መለየት። ሁሉንም በጥያቄ። ስንቅነሽ አንዳንዴ ትናደድና «እትዬ፣ እናትሽ ምላስሽን የሠራችው ለመጠየቅ ብቻ ነው?» ትላታለች። ደብሪቱም «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ትላለች።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ነጋዴ ፈንታሁን ተጸጽቷል፣ ሳይመጣ አይቀርም የሚል ወሬ አመጣ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ተቀበይው፣ ግማሹ በሩን ዝጊበት። ስንቅነሽ ደብሪቱን ጠየቀቻት። ደብሪቱ መውቀሪያዋን አስቀመጠች። «ነገ ጠዋት በዚህ በር ቢገባ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

ስንቅነሽ የራሷን መውቀሪያ አነሣች። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትመታ ዋለች። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሳትጠየቅ፣ «ዱቄቱን ከበሩ አነሣለሁ» አለች። «እንዳይረግጥብኝ።»

ያኔ አበቃ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች ቃል ተዘጋ፤ ራሷም ተናግራ ሰማችው። ደብሪቱ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። በዚያው ቀን አገሬ ደርሼ ልምጣ ብላ ሄደች፤ በስምንተኛው ቀን ተመለሰች። አገሯ የት እንደሆነ ስንቅነሽ ጠይቃት አታውቅም። የምትጠይቀው ሌላዋ ነበረቻ።

ፈንታሁን አልመጣም፤ ወሬው ወሬ ነበር። ክረምቱ አለፈ። ሰው እህሉን ጭኖ «ስንቅነሽ ዘንድ» ማለት ጀመረ። «የፈንታሁን ሚስት» የሚለውን የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ብቻ ሆኑ። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ፣ ከወፍጮው ጎን የሠራችውን ቤት ልታስመርቅ ደገሰች። ትልቅ ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልላ ጋገረች።

በእንቧይ በር ቤት ሲመረቅ ዳቦውን የሚቆርስ ሰው የከበረ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሰው ይሆናል። ባለቤቱ ሲታመም ቃሉን የሚቀበለው፣ ሲሞት በመቃብሩ ላይ እንደ ዘመድ የሚቆመው፣ ያፈራው ለማን እንደሚገባ የሚናገረው እሱ ነው። ቆራሹ አንድ ነው፤ ቢላዋ በሁለት እጅ አይያዝም። ባለቤትም የራሱን ዳቦ አይቆርስም፤ የራሱን የቆረሰ ቀባሪ የለውም ይባላል። ዳቦው ሳይቆረስ ፀሐይ ከጠለቀ ቤቱ እንዳልተመረቀ ይቆጠራል፤ ወዳልተመረቀ ቤት እህሉን ይዞ የሚመጣ የለም። ወፍጮዋም ቆመ ማለት ነው። ልጅ ለሌላት፣ ዘመድ ለሌላት ለስንቅነሽ ይህ ዳቦ ምን እንደሆነ እንግዲህ ይገባችኋል።

ሦስቱንም በክብር ቦታ በተርታ አስቀመጠቻቸው፤ አባ ክንፈን፣ ሞላልኝን፣ ደብሪቱን። ቢላዋውን ያዘች። ለማን እንደምትሰጥ ያን ጊዜም አልቆረጠላትም ነበር፤ ግን ጭንቀቱ የጥጋብ ጭንቀት ነበር። ሦስት ዘመድ አግኝታ ከሦስቱ መምረጥ፤ እንዲህ ያለውን ጭንቀት ማን ጠልቶ?

በዚህ መካከል ከዋርካ ሜዳ ጨው ይዛ የመጣች ነጋዴ ሴት፣ ድግስ አይታ ገባች። የማን ቤት እንደሆነ አታውቅም። ተርታውን አየችና ፊቷ በራ።

«እናንተ፣ ዛሬም ሚዜና የሙሽራ እናት ጎን ለጎን ተቀምጣችኋል?» አለች። «ዘንድሮ ደግሞ ማንን ነው የምንድረው?»

ማንም አልሳቀም። ጨው ሻጯ ያልሰሟት መስሏት ቀጠለች፤ ዋርካ ሜዳ ላይ የነበረውን የፈንታሁንን ሠርግ አነሣች፣ የሞላልኝን ጭፈራ አነሣች፣ ደብሪቱ ልጇን ስትድር የለበሰችውን ካባ አነሣች። ሲጎሽሟት ዝም አለች።

ስንቅነሽ ቢላዋውን አላስቀመጠችም። ሁለቱን አየቻቸው። ከየካቲት ጀምሮ በዚያ ወፍጮ ቤት ሲገናኙ እንደ ባዕድ እጅ ሲነሣሱ ታዩዋት። ደብሪቱ ውሃ ስታቀብለው ሞላልኝ ቀና ብሎ አይቷት እንደማያውቅ ታወሳት። ያኔ ትሕትና መስሏት ነበር።

«ሚዜዬ» አለች። «ሄደሃል?»

«ሄጃለሁ» አለ ሞላልኝ። ያን ቀን ሳቅ አልነበረውም። ነገሩን አሳጥሮ ተናገረ። ፈንታሁን ጠርቶት ሚዜ ሁነኝ ሲለው መጀመሪያ ረግሞት ሊመለስ ነበር። ከዚያ አሰበ፤ ቢመለስ ፈንታሁን ሌላ ሚዜ ያገኛል፣ ሠርጉም አይቀርም፣ ስንቅነሽ ግን የሚቀርላት የለም። ስለዚህ ዋጋ ጠየቀ። ስንቅነሽን የተውካት ቀን ወፍጮው የእሷ ይሁን ብሎ በታቦት አስማለውና ቆመለት። ፈንታሁን «ትውሰድ» ያለው ከደግነት ሳይሆን ከዚያ መሐላ ነው።

«ወንድሟ ነኝ ብለህ የአባቴን ጉልበት ይዘሃል» አለች።

«ይዣለሁ። ያን ጉልበት የያዝኩ ዕለት ፈንታሁን እንዲህ ያደርጋል ብሎ የነገረኝ የለም።»

«ሲያደርግስ ለእኔ ለመንገር አፍ አጣህ? እኔን ንግግር ያስተማርከኝ ሰውዬ?»



ወደ ደብሪቱ ዞረች። «ሚስት እንዳለው ታውቂ ነበር፣ እትዬ?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ልጅሽን ሰጠሽ።»

«ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። በራችንን ያንኳኳ አልነበረም። እሱ አንኳኳ። የሌላዋን ሴት ዓይን አላይም ብዬ ሰጠሁት።» ደብሪቱ እጆቿን ተመለከተች፤ በድንጋይ ፍንጣሪ ጠባሳ የተሞሉ እጆች። «አንቺን ያባረረሽ ቀን እንቅልፍ ከለከለኝ። ያን ቀን በበርሽ ላይ የሰማሽው ልክ ነበር። ለወቀሳ ነበር የመጣሁት። እንድትወቅሺኝ። ፊትሽን ሳይ አፌ ፈራና ወቀራ አለ።»

ስንቅነሽ አንድ እርምጃ ቀረበቻት። «በዚህ በር ቢገባ ምን ታደርጊያለሽ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የጠየቅሽው ለእኔ ነበር ወይስ ለልጅሽ?»

«መልሱን ይዤላት ሄጃለሁ» አለች ደብሪቱ። «አንቺ እንደማትቀበይው ሰምታ ነው እሷም እፎይ ያለችው። ለማን እንደጠየቅኩሽ ግን እኔም አላውቀውም። ባውቅ እነግርሽ ነበር።»

አሁን ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አባ ክንፈ መለሰ። እሳቸው ንጹሕ ናቸው፤ ዳቦው ቆራሽ አገኘ ተባለ። አንድ ሰው «አባ ይቁረሱ» አለ። ስንቅነሽም ቢላዋውን ወደ እሳቸው ዘረጋች። ጉዳዩ እዚያ ላይ ቢያልቅ እኔም አላደክማችሁም ነበር።

አባ ክንፈ ቢላዋውን አልተቀበሉም። በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔም አውቅ ነበር» አሉ።

የጠየቃቸው አልነበረም። ዝም ቢሉ እስከ መቃብር የሚያውቅባቸው አልነበረም። ፈንታሁን ሠርጉን በሠራ በወሩ በንስሐ ነግሯቸዋል። ለሚስትህ ንገር ብለው አዘዙት፤ እምቢ አለ። እስክትነግር አልፈታህም አሉት፤ ሳይፈታ ሄደ። የንስሐ ነገር ደግሞ ከአፍ አይወጣም።

«ታዲያ አሁን ምን አስወጣው?» አለች ስንቅነሽ።

«እነዚህ ሁለቱ ሲዋረዱ እኔ ንጹሕ መስዬ ያንን መያዝ አቃተኝ» አሉ፤ ቢላዋውን እያሳዩ።

«ሦስት ዓመት በየበዓሉ ማዕዴን ባርከዋል። እኔ ቆሜ ሳሳልፍ ምን እያዩ ነበር፣ አባ?»

«ሳሕኑን» አሉ አባ ክንፈ።

እንግዲህ ይህ ነው። ጨው ሻጯ ጨውዋን አንሥታ ወጥታለች። ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጉብታ ነክታለች። ስንቅነሽ በዳቦውና በሦስቱ ሰዎች መካከል ቆማለች፤ ፊቷ ያን ጊዜ ወደ ግድግዳ ዞራ ስትተኛ እንደነበረው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ቆማለች። ውጡልኝ አላለችም። ይቅር ብያችኋለሁም አላለችም። የተናገረችው ይህን ነው።

«ባሌ አንድ ጊዜ ከዳኝ፤ እሱን ከበሬ ዱቄቴን አንሥቼ ጨረስኩት። እናንተን እንዴት አድርጌ ልጨርሳችሁ? ወደዚህ የመጣሁበት እግር የአባ ነው። በሸንጎ የተናገርኩበት አፍ የሚዜዬ ነው። እንጀራዬን የማገኝበት እጅ የእትዬ ነው። የከዳኝን ቆርጬ ልጣል ብል፣ ከእኔ ከራሴ ምን ይተርፋል?»

ደብሪቱም ያን ጊዜ ጥያቄ አልነበራትም።

ይህን ነገር ጥጥ በሚፈተልበት ደጅ ሁሉ አንሥቼዋለሁ፤ ሳንስማማ ነው እንዝርታችንን የምንሰበስበው። አንዳንዷ አባ ይቁረሱ ትላለች፤ እሳቸው ዝም ያሉት በሕግ ነው፣ የተናገሩትም ማንም ሳያስገድዳቸው ነው፣ ክብር ሲሰጣቸው ጥለውታል ትላለች። ሌላዋ ታዲያ ሕግ ያለው ሰው የምን አርባ ቀን ማስሄድ ነው፣ አንዲት ቀን «ባልሽን ጠርጥሪ» ቢሏት ምን ነበረበት ትላለች።

ሞላልኝ ይቁረስ የምትለው፣ ከሦስቱ ሁሉ ትዳሯ ሳይፈርስ በፊት ያሰበላት እሱ ብቻ ነው፣ ቤት የሚመረቀውም ወፍጮው ስላለ ነው ትላለች። ይህችኛዋን የምታፌዝባት አትጠፋም፤ በአንዲት ሴት ላይ ጨፍሮ ለዚያችው ሴት ወፍጮ መግዛት የሌባ ምጽዋት ነው ትላታለች።

ስለ ደብሪቱ ስናወራ ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ ልጅ ያለን ነንና። በዳይዋ እሷ ናት፤ አገሯን ጥላ የበደለቻትን ሴት ደጅ የረገጠችም እሷ ብቻ ናት። ግን ደግሞ ከዚያ ደጅ መልስ ሰርቃ ሄዳለች። የተሰረቀው ነገር ባለቤቲቱን ያዳነ ቢሆንስ?

እኔ የማስበው አለኝ፤ አልነግራችሁም። ነግሬ የማውቀው ለአንዲት ሴት ነው፤ እሷም እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

ኮባው ተገልጧል፤ ዳቦው እየበረደ ነው። ቢላዋው በስንቅነሽ እጅ ነው፤ የራሷን ዳቦ መቁረስ አትችልም። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ያስሄዷት ይቁረሱ፣ ያናገራት ይቁረስ፣ ወይስ የጠየቀቻት ትቁረስ? እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ቢላዋውን የምታቀብሉት ለማን ነው?